የፍልሰታው ሰላጣ

ጋሽ ደምሴ ሞቱ ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ምን በልተው?» የሚል ነው።

የደወለችልኝ የድሮዋ የሰሚት ጎረቤቴ ናት። ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ኧረ ልባቸው ነው፣ ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ አለችኝ። ልባቸው ነው ስትለኝ ትንሽ ቀለል አለኝ። ሰው ሞቶ ይቀላል እንዴ? ኃጢአት ነው መሰለኝ፣ ግን ቀለለኝ። እንባዬ የመጣው ቆይቶ ነው።

እንደ ጋሽ ደምሴ ያለ ፈሪ ሰው አይቼ አላውቅም። እሳቸው ራሳቸው በኩራት ይናገሩት ስለነበር ሐሜት አይሆንብኝም። ውሻ ይፈራሉ። መብረቅ ይፈራሉ። ሚኒባስ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ያለው ቦታ ብቻ ከቀረ ወርደው ሌላ ይጠብቃሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቦሌ፣ አውሮፕላን ላይ የሚበላ ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ አውሮፕላን ላይ ግን አንድ ቀን አልወጡም። የመሳፈር ዕድል ሲሰጣቸው ለባለቤታቸው ለእትዬ ብርቄ አስተላለፉት፤ እትዬ ብርቄ ኢየሩሳሌም ተሳልመው እስኪመለሱ እሳቸው ቤት ተቀምጠው ስለት ሲሳሉ ከረሙ። ጥሬ ሥጋ ደግሞ እንኳን ሊበሉ ሲበላ ማየት አይችሉም። በፋሲካ ሰፈሩ ሁሉ ቁርጥ ሲቆርጥ የእሳቸው ድርሻ እንጨት እስኪመስል ይጠበሳል። የብሎካችን ሰዎች በዚህ ሲስቁባቸው አብረው ይስቁ ነበር። ይህን የሥጋ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ያኔ እኛ ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን፤ እነ ጋሽ ደምሴ እዚያው ብሎክ ምድር ላይ። አካባቢው ገና አዲስ ነው። በየፊናው ይቆፈራል፣ ይገነባል፣ ገልባጭ መኪና በበጋ አቧራውን በክረምት ጭቃውን እያነሳ ሲመላለስ ይውላል። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ወሩን ሙሉ ፊልድ ነው። አገሩ በሙሉ እየተሠራ ሳለ እኛ ጋ ውሃ የለም። ሲመጣም ታች ካሉት አልፎ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ኑሯችን በሳፋና በጀሪካን ነበር።

እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል፤ ሁለተኛው እንቅስቃሴው ሁሉ ከተሰማኝ በኋላ ነው የወጣው። ስለዚህ የማልፈራው ነገር አልነበረም፤ ደረጃውን እፈራለሁ፣ ታክሲውን እፈራለሁ፣ ሳስነጥስ እንኳ ሆዴን እይዛለሁ። ለእመቤታችን ተስዬ ነበር፤ ይህን ልጅ እንድታስታቅፊኝ የዘንድሮን ፍልሰታ ፍስክ የሚባል ሳልነካ እጾምልሻለሁ ብዬ። ክሊኒክ ስሄድ ደምሽ አንሷል፣ ጉበትና እንቁላል ብዪ አሉኝ። ስለቴን ስነግራት ሲስተሯ ተናደደችብኝ፣ እንግዲያው እንክብሉን ሳታቋርጪ ዋጪ፣ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬም በየቀኑ ብዪ አለችኝ። የተቀቀለ ጎመንና ቆስጣ ደግሞ ገና ሽታው ሲመጣ ያስታውከኛል። የቀረኝ ጥሬው ነው። ጥሬው ደግሞ ሌላ ጣጣ። በዚያ ክረምት ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ተቅማጥና ትውከት ነው፤ ሬዲዮው ጥሬ ነገር አትብሉ ይላል፤ ሰላጣው የሚበቅለው ፍሳሽ በሚለቀቅበት ወንዝ ዳር ነው ይባላል። አንዱ ብዪ፣ አንዱ ተዪ፤ እኔ መሐል ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ።

አንድ ቀን ከገርጂ አንድ እስር ሰላጣ፣ ፓፓያና ብርቱካን ገዝቼ እየመጣሁ ግቢው በር ላይ ስደርስ ፍርሃቱ ያዘኝ። ፌስታሉን እንዳንጠለጠልኩ ቆሻሻ ገንዳው ጋ ቆምኩ። ልጥለው ነው፣ እጄ ግን እምቢ አለ። ጋሽ ደምሴ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ዘርግተው ሲያልፉ አዩኝ። ምን ሆንሽ ቢሉኝ ፈራሁ አልኳቸው፤ ስለ ቅጠሉም ስለ ሆዴም ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። እኔ ሳለቅስ እሳቸው ፊታቸው በራ!

«ጎሽ! ቅጠል የሚያጥብ ሰው ፈሪ መሆን አለበት» አሉኝ። «ደፋር ሰው ምን ብሎ ያጥባል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላጣዬን የሚሠሩልኝ እሳቸው ሆኑ። ወንድ ልጅ ሰው ቤት ኩሽና ገብቶ ቅጠል ሲቀነጥስ ለሰፈሩ ጉድ ነበር። እሳቸው ግን ለወሬ ደንታ የላቸውም፤ ከሚፈሯቸው ነገሮች ውስጥ ያልገባው ወሬ ብቻ ነው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገንጥለው፣ እያንዳንዱን እያገላበጡ በመስኮቱ ብርሃን ያዩታል። መጀመሪያ በጨው ውሃ፣ ቀጥሎ አቼቶ በገባበት ውሃ፣ በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያጥቡታል። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው፣ ክንዳቸው ላይ አስተኝተው ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ያወዛውዙታል። ፓፓያና ብርቱካኑ ከመላጡ በፊት ይታጠባል፤ ለምን ስላቸው፣ ቢላዋው ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞት ይገባላ ይሉኛል። አቮካዶው ተቆርጦ፣ ሎሚ ተጨምቆ፣ ዘይት ጠብ ብሎበት፣ ጨው በጣታቸው ነስነስ ሲደረግበት ቤቱ በሎሚና በብርቱካን ሽታ ይሞላል። ስንት ቀን ምግብ የዘጋው አፌ ምራቅ ይሞላ ነበር።

ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ቢጫው ጀሪካን የፈላ ውሃ፣ ነጩ ያልፈላ። ቅጠሉ የታጠበበት ውሃ ደግሞ በዚያ ዘመን አይደፋም፤ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥና ለሽንት ቤት ይሆናል። ቢጫውን ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም።

ሰላጣው ካለቀ በኋላ ነው ዋናው ነገር። ከቅዳሴ ስለሚመጡ እስከዚያ ሰዓት እህል በአፋቸው አልዞረም። መጀመሪያ ለራሳቸው በሰሃን ያወጣሉ፣ ከሁሉም ዓይነት፣ ከቅጠሉም ከፍሬውም። በሹካ ቀስ እያሉ ጨርሰው ይበላሉ። እኔ እጄን ስሰድ «ትንሽ ይቆይ» ይሉኛል። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ሆዳቸውን ያዳምጣሉ። በቦሌው ኩሽናቸው ከእያንዳንዱ ምግብ ትንሽ ተቀንሶ፣ መንገደኞቹ በሰላም መግባታቸው እስኪሰማ ይቀመጥ ነበር፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው። ሐኪም ቢሰማን ይስቅብናል። በሽታው በተቀመጡበት ከች እንደማይል እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን እሳቸው በልተው ሲቀመጡ ፍርሃቴ ከእኔ ተነስቶ ወደ እሳቸው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

አንዴ አላስቻለኝምና፣ ጋሼ፣ ሁሉን ነገር እየፈሩ ይህን እንዴት አይፈሩትም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ፣ በጣም እፈራለሁ። ግን አንቺ በልተሽ እኔ ቆሜ ከማይ፣ እኔ በልቼ ብፈራ ይሻለኛል።»

እትዬ ብርቄ ባላቸው ሲዘገዩባቸው ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ከበሩ ላይ፣ ፍየሌ እዚህ ነው ወይ ይላሉ። ቅመሱ ስንላቸው፣ እኔ ፍየል አይደለሁም ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባላቸው የሠሩትን ሰላጣ አንዲት ቅጠል ቀምሰው አያውቁም፤ በዚህም ይኮራሉ።

ፍልሰታ ሲገባ እማዬ ልታስታምመኝ ከመንዝ መጣች። እማዬ ውሃ ከሩቅ ወንዝ በጀርባዋ እየቀዳች ያደገች ሴት ናት፤ ውሃ ሲደፋ ካየች ፊቷ ይለወጣል። ስለ ጀሪካኖቹ ነግሬያታለሁ። እሺ እሺ ብላኛለች። ጋሽ ደምሴን በጣም ወደደቻቸው፤ እንዲህ ያለ ጨዋ፣ እንዲህ ያለ ጾመኛ ትል ነበር። አንድ ያልተግባቡበት ነገር ቢኖር የሰላጣው መታጠብ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ለቅጠል ብላ ታጉረመርማለች።

ውሃ ከጠፋ የሰነበተበት ቀን ነው። ጋሽ ደምሴ ከቅዳሴ መጡ፣ ታጠቡ፣ ቀነጠሱ፣ በጨውና በአቼቶው አጥበው በመጨረሻ ከቢጫው ጀሪካን ቀድተው አለቀለቁት። ሠርተው ጨረሱ፣ ለራሳቸው አወጡ፣ እንደ ልማዳቸው ሙልጭ አድርገው በሉ። እኔ ሹካዬን ይዤ፣ ትንሽ ይቆይ ተብዬ ተቀምጫለሁ። እማዬ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ቆይታ ገባች፤ ቢጫውን ጀሪካን ነቅነቅ አድርጋ አየችና ፈገግ አለች።

«አያችሁ? ዛሬ ውሃው በረከተላችሁ» አለች። «ትናንት ሳፋው ውስጥ ያለውን ሽንት ቤት ልትደፉት ነበር። ሲያድር አተላው ከሥር ቀርቶ ኩልል ብሏል፤ ከላይ ከላዩን ጠዋት እዚህ ጀሪካን ውስጥ ገለበጥኩት።»

የወንዝ ዳሩ ሰላጣ የታጠበበት ውሃ ነው። ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። ከንፈራቸው አመድ መሰለ፤ ዓይናቸው ባዶው ሰሃን ላይ ቀረ። እጮሃለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ቀና አሉና እንዴት ባለ ዓይን አዩኝ! አፌን መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ተነሱ፣ የእኔን ድርሻ አንስተው አሸተቱት፣ ይህ ሰላጣ መሮብኛል፣ ዛሬ ያታለሉን መሰለኝ ብለው ፌስታል ውስጥ ገለበጡት። ጀሪካኑንም፣ ይህን ደግሞ እኛ ቤት ላፈላው ብለው ይዘውት ወጡ። እማዬ የባከነውን ፓፓያ እያየች ከንፈሯን መጠጠች እንጂ ምንም አልጠረጠረችም።

ደረጃው ላይ ተከትያቸው ወረድኩ። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው በረዶ ሆኗል። ዛሬ ምን ጠጥተሻል አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ጠዋት እንክብሉን በውሃ ነው የዋጥኩት፣ ብርጭቆውን ያቀበለችኝ እማዬ ናት። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተመልሼ እንደ ዋዛ፣ እማዬ፣ ጠዋት የሰጠሽኝ ውሃ ከየት ነበር ብላት፣ የፈላው ካለበት ከፔርሙዙ መሰለኝ አለችኝ። መሰለኝ! ይህች ቃል ገደለችኝ። ማታውን ሙሉ ሆዴ በጮኸ ቁጥር አለቀልኝ እላለሁ። ልጅቷ ስትንቀሳቀስ እፈራለሁ፣ ዝም ስትል የባሰ እፈራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አልለበሱም። ፍየሌ አላሉም። ደምሴ ሊሞትብኝ ነው አሉኝ።

ታክሲ ለምነን ወደ ገርጂ ይዘናቸው ስንሄድ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናው እየሰመጠ ይቆማል። በአንድ ሌሊት ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጉንጫቸው አጥንት ሆኗል። አልጠጋዎትም ብዬ በሩ ጥግ ላይ ተለጥፌ እያለቀስኩ፣ ለእሳቸው እየፈራሁ፣ ለሆዴም እየፈራሁ ነበር። ማንን ልማርልሽ ብባል ምን እንደምመልስ አላውቅም። እሳቸው በዚያ ሁኔታቸው እንኳ እጃቸውን እያወናጨፉ መስኮቱን ክፈቺ፣ ወዲያ ዞረሽ ተንፍሺ ይሉኛል። ክሊኒኩ ወዲያው ግሉኮስ ሰካላቸው። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለና ሳይጨርሰው ሄደ። ለእትዬ ብርቄ ኮሪደሩ ላይ ሁሉን ነገርኳቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ በሶ በጥብጣ፣ ጭቃውን በእግሯ ተሻግራ መጣች። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ለመሆኑ ምን ነካብን፣ ምን በልተው ነው አለች። እማዬ እውነቱን ብታውቅ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። በዚያው ቀን ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ትገባለች፤ የእኔን ልጅ በዚያ እጇ አታቅፍም። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ለእርስዎ ምን እደብቃለሁ» አሉ በደከመ ድምፅ። «ሥጋ አማረኝ። ከትናንት ወዲያ ከጓደኞቼ ጋር ተደብቄ ጥሬ ሥጋ በላሁ።»

እማዬ ቀጥ አለች። «በፍልሰታ?»

«በፍልሰታ።»

አማተበች። እትዬ ብርቄን አየኋቸው። የባላቸውን እግር ብርድ ልብሱ ላይ እያሻሹ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በፋሲካ እንኳ ጥሬ ሥጋ የማይነኩት ሰው፣ በዚህ ዓለም ላይ ካላቸው ነገር ሁሉ የሚሳሱለትን የጾመኛ ስማቸውን እዚያ አልጋ ላይ ጥለውት ተኙ።

ዳኑ። እኔም ምንም አልሆንኩም፤ ውሃው ከፔርሙዙ ነበር ማለት ነው። እማዬ ግን ምስጢር አትይዝም። ወሬው ብሎኩን አዳረሰ፤ ሰውየው ጥሬ ሥጋ እንደማይወዱ ያውቅ የነበረው ሰፈር ሁሉ፣ አየህ አስመሳይ፣ ለካ ተደብቆ ነው አለ። የጽዋ ማኅበራቸው አስጠርቶ ወቀሳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው መጡ። አላስችል ብሎኝ እናገራለሁ ስላቸው በፍጹም አሉኝ። እናትሽ ልጇን ልትገድል እንደነበር ካወቀች ፍርሃቱ ዕድሜዋን ሙሉ አይለቃትም፤ ፍርሃት እኔ እችለዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ አሉኝ። ኅዳር ላይ ጽዮን ተወለደች። ከእኔ ቀጥላ ያቀፈቻት እማዬ ናት። ጋሽ ደምሴ ሕፃኗን ከሩቅ ነው ያዩዋት፤ እጥላታለሁ ብለው ፈርተው።

ይኸው ሞቱ ሲሉኝ ቤት ያለውን ሰላጣ አወጣሁ። እንዳስተማሩኝ ቀንጥሼ፣ አጥቤ፣ ፎጣ ውስጥ አወዛውዤ ሠራሁት። እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ አርጅታለች፣ ደም ብዛትም አለባት። ይዣት ሰሚት ሄድኩ። ድንኳኑ የተተከለው ያ ገንዳ የነበረበት ጋ ነው። እትዬ ብርቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም አሉኝ ለቀስተኞቹ። እማዬ አጠገባቸው ተቀምጣ ካለቀሰች በኋላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር፣ ያቺን የፍልሰታ ሥጋም ይቅር ይበለው» አለች።

እንደዚያ የክሊኒኩ ቀን ፈራሁ። እትዬ ብርቄ ያን ሁሉ ዘመን የጾም ሻሪ ሚስት ተብለው ችለዋል። አሁን ሰውየው ሞተዋል፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው አለ፣ ስማቸውን ለማጥራት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ቢናገሩ ማን ይፈርድባቸዋል? እማዬን ተመለከቷት።

«አሜን» አሉ።

ምን እንደማደርግ ስለጠፋኝ የሰላጣውን ጎድጓዳ ሳህን ከፈትኩ። ሎሚው ሸተተ። አንዷ ለቀስተኛ፣ በዚህ ክረምት ጥሬ ቅጠል ደግሞ ምን ያደርጋል ብላ ሹክ ስትል ሰማሁ። እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው አንዲት ቅጠል አነሱ፣ ከፓፓያውም ጨመሩ፣ አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ፊታቸውን ጨፍገግ አድርገው ቀስ ብለው አኘኩ። እማዬም አይታ እጇን ወደ ሳህኑ ስትሰድ፣ እትዬ ብርቄ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

«ለእርስዎ ትንሽ ይቆይ» አሏት።